የአባቴ ማመልከቻ፣ የገመቹ ሸሚዝ

ከመቱ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር በጨለማ ወጣሁ፣ ማንም አላየኝም ይላል። እኔ ግን ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ከቤታችን እስከ መናኸሪያው በዋናው መንገድ፣ በገበያው መሐል አለፍኩ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ «ወዴት ነው መሲ?» ሲለኝ «ካምፓላ» እያልኩ። ከተማው ስለ እኔ እንዲያወራ፣ ወሬውም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የአንድ ሰው ጆሮ እንዲገባ ነበር ሐሳቤ። ያ ሰው ገመቹ ይባላል።

ዝናብ ነበር። መቱን ለሚያውቅ ይኼን መናገር አያስፈልግም፤ ለማታውቁት ግን፣ እኛ ዘንድ ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፣ አንዴ ከመጣ ወራት ይቀመጣል። አባቴ ሊሸኙኝ አውቶቡሱ አጠገብ ቆመዋል፣ የማዳበሪያ ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው። ሰባ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ ያሳደጉኝ፣ ከተማው ሁሉ ጋሼ ደምሴ ራፖር ጸሐፊው የሚላቸው። በዕድሜዬ ያለ ጃንጥላ ያየኋቸው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ሊሰናበቱኝ እጃቸውን አነሱ፣ ላስቲኩ ወደቀባቸው፣ ዝናቡም ፊታቸውን መታቸው። እያለቀስኩ በደሌ ደረስኩ ብል ያምርብኝ ነበር፤ የደረስኩት ግን እየተራገምኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ማንን ነው ልጄ?» አሉኝ። ጅማ እስክንገባ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

የምሠራው መቱ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ የተቀደደ ፎቶ በኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ገመቹን ያወቅኩት ከመቱ ወጣ ብላ ባለችው ኡካ ሰርግ ስቀርጽ ነው። የዳሪሙ ልጅ ነው፤ ኪቦርዱን በትከሻው አንግቶ ብዙ ሰዓት በእግሩ ሄዶ ሰርግ ቤት የሚደርስ፣ ደርሶም የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ መዝፈን የሚጀምር። ድምፁን አልክድም። ድምፁ የራሱ ነው።

አንድ ቀን ፎቶ ቤት መጣና ካሴት ላወጣ ነው፣ ሲዲም አብሮ ይወጣል፣ ክሊፕ ቅረጪልኝ፣ ለሽፋንም ፎቶ አንሺኝ አለኝ። የዚያን ጊዜ ክሊፕ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዘፋኙ በአንድ ዘፈን አምስት ልብስ ይቀይራል፣ የሆቴል አበባ መሐል ይቆማል፣ የሰው መኪና ተደግፎ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ሽፋኑን ደግሞ ክሊፑን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ ከዘፋኙ ኋላ የፈረንጅ አገር ተራራ ይለጥፍበታል። ገመቹም የፈለገው ይኼንኑ ነበር። እምቢ አልኩት። ሰው ሽፋኑን ሱቅ ውስጥ ሲያይ ክሊፑ ትዝ ይበለው፤ ክሊፑን በቴሌቪዥን ያየ ደግሞ ሱቅ ሲገባ ማንንም ሳይጠይቅ ሽፋኑን ይለየው፤ ሁለቱ አንድ መልክ ይኑራቸው አልኩት።

«አንድ መልክ ከየት እናመጣለን?» አለኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት አባቴ ሊጠሩኝ መጡና በሩ ላይ ጃንጥላቸውን ሲያጥፉ አየሁ። ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ከስምንቱ የጨርቅ ክፋዮች አንዱ ግን ቀይ ነው። ነፋስ ቀዶባቸው እናቴ ከቀይ ጉርድ ቀሚሷ ቆርጣ ጠግናው ነበር። በዚያው ዓመት ሞተች፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ጃንጥላውን ለማንም አያውሱም። እኔ ስለለመንኳቸው ለገመቹ አዋሱት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ዛሬም ሳስበው እኮራበታለሁ፣ ለዚህም ነው ንዴቱ የማይበርድልኝ። በክሊፑ ውስጥ ከዚያች ቁራጭ ጨርቅ በቀር ቀይ ነገር እንዳይታይ ወሰንኩ። በርበሬ ሻጮቹን ለምኜ በርበሬያቸውን በጆንያ አስሸፈንኩ። ቀይ ባልዲ የያዘችውን ሴት እባክሽ ዞር በይልኝ አልኳት። የአንዱን ሱቅ ቀይ በር በሰማያዊ ላስቲክ ጋረድኩ። የመንገዱ ጭቃ ራሱ ቀይ ሆኖ አስቸገረኝ፣ እሱን በኮምፒውተር ወደ አመድ ቀለም ለወጥኩት። የሰፈሩ ሰው «ማራቱ» ይለኝ ጀመር፣ እብዷ ማለቱ ነው። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ገመቹን ከላይ ወደ ታች ቀረጽኩት፤ ሰው አይታይም፣ በጭቃው መሐል የምትሄድ ክብ ጥቁር ነገር ከነቀይ ቁራጯ ብቻ። ሲዲው ላይ ያደረግኩትም ያንኑ ነው። ክቡ ሲዲ ክቡ ጃንጥላ ሆነ፣ የሲዲው ቀዳዳ የጃንጥላው ጫፍ። ክሊፑ የሚያልቀው ሶር ፏፏቴ ነው፤ እዚያ ገመቹ ጃንጥላውን አጥፎ ይበሰብሳል። የሽፋኑም ጀርባ እርጥብ ድንጋይ ላይ የተጋደመ የታጠፈ ጃንጥላ ነው። ፊደሎቹን በብዕር ራሴ ጻፍኳቸው፤ በክሊፑ መግቢያ፣ በሽፋኑም፣ በፖስተሩም ስሙ የተጻፈው በአንድ እጅ ነው፣ በእኔ እጅ።

ሁሉንም ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ጃንጥላውንም ይዞ።

ካሴቱ ወጣ፣ ሰውም ወደደው። መጀመሪያ የሚወራው ስለ ጃንጥላው ነበር፤ መቱ ውስጥ ልጆች የጃንጥላቸውን አንድ ክፋይ ቀይ ቀለም ይቀቡ ጀመር። ሽፋኑን ገልብጬ አነበብኩት። ንድፍና የክሊፕ ዝግጅት በሚለው ሥር የማላውቀው ሰው ስም አለ። ኋላ እንደሰማሁት የአሳታሚው አማች ነው። ስህተት ይሆናል፣ በሁለተኛው እትም ይታረማል ብዬ ዝም አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ገመቹ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ ከአባቴና ከባለጉዳዮቻቸው ጋር ተቀምጠን እያየን ነበር። ጠያቂዋ ስለ ጃንጥላው አነሳችበት። ገመቹ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገና «የሟች አባቴ ናት» አለ። ቀዩን እናቱ ከቀሚሷ ቆርጣ እንደጠገነችው፣ አባቱ በዝናብ ወድቀው ሲሞቱ ጃንጥላዋን እንደጨበጡ እንደነበር ተናገረ። ጠያቂዋ አለቀሰች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረ።

አባቴ ሻያቸውን ፉት አሉና «ነፍስ ይማር» አሉ።

የገመቹ እውነተኛ አባት ደግሞ ዳሪሙ ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ በደህና የሚያርሱ ሰው ነበሩ። በአንድ ቃለ ምልልስ ሁለት ሰው ገደለ ማለት ነው።

ደጋግሜ ደወልኩለት። በሦስተኛው ቀን አነሳ።

«አባቴን ገደልካቸው» አልኩት።

«መሲ፣ አዲስ አበባ ታሪክ ይፈልጋል። ጃንጥላ ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል? ጋሼ ምን ጎደለባቸው? ይኸው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ።»

«የእኔስ ስም?»

«ያንቺን ስም ማን ሊያነበው? ሽፋን ላይ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ይቺን ቃል ካምፓላ ድረስ ይዣት ሄድኩ።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ሰው በደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ አሁን የራሳቸውን ጻፉ። ቁቤውን በእርጅናቸው ተምረው ማመልከቻውን ሁሉ በኦሮምኛ ነበር የሚጽፉት፤ ሲናደዱ ግን እጃቸው የሚታዘዝላቸው በአማርኛ ነው። በሰማያዊ ብዕር፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው እንዲህ አሉ፦ «ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬ እንዲታወቅልኝ ስለመጠየቅ። ገመቹ የተባለው ድምፃዊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጃንጥላዬን የሟች አባቴ ናት በማለቱ፣ እኔም አባቱ ስላልሆንኩና ስላልሞትኩ፣ ሁለቱም እንዲታረሙልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ስሙን ወደማልጠራው ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የተቀበለን ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ እንዴት ነዎት ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃቸው፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይጻፉልኝ አላቸው። እዚያው ተቀምጠው በኦሮምኛ ጻፉለት። አነበበና ተከዘ።

«ጋሼ፣ በሕይወት እንዳሉማ ይኸው እያየንዎት ነው። ለዚህ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?»

«እንግዲያው አይተናቸዋል ብለህ ጻፍልኝ» አሉት አባቴ።

«እሱን መጻፍ የእኛ ሥልጣን አይደለም።»

በኦሮምኛ የተጻፈውን ተቀብሎ መዝገብ ውስጥ አኖረው። መልስ አልመጣም። በአማርኛ የተጻፈው የአባቴ የወረቀት ሣጥን ውስጥ ቀረ። ጋሼ ታደሰ ደግሞ በዚያው ሰሞን የገመቹን ትልቅ ፖስተር፣ የእኔን ፖስተር፣ በሌላ ሰው ስም የወጣውን፣ እኔ በምሠራበት ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ሰቀሉት። ይውረድልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ ልጁ ከተማችንን አስጠርቷል፣ በአንድ ጃንጥላ ምክንያት ስሙን አታጥፊ አሉኝ። በማግስቱ ሥራ ለቀቅኩ። ማመልከቻውን ከአባቴ ሣጥን፣ ሳልነግራቸው፣ አወጣሁና ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር ከተትኩት።

የመንገዱን ነገር ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ የባሰ የሄዳችሁበት አላችሁ። ሞያሌን ከነጋዴ ሴቶች ጋር ተሻገርኩ፣ ናይሮቢ አንድ ወር ከአንዲት የጎሬ ልጅ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኛሁ፣ ከዚያ በቡሲያ በኩል ኡጋንዳ ገባሁ። ካምፓላ ውስጥ ስደተኛ የሚመዘግብ ቢሮ ገብቼ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ከማን እንደሸሸሁ ጠየቀኝ።

«ከዘፋኝ» አልኩት።

ጻፈው። ምን አደረገሽ አለኝ። አባቴን ገደለ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና በእውነት አዝኖ አየኝ፣ ፈጣሪ ይስጠው።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«አልሞቱም።»

የጻፈውን ሰረዘ። ከዚያ «ኒያቦ» አለኝ፣ እመቤት እንደማለት ነው፣ «ይኼን ለዚያኛው መስኮት ብትነግሪው ይሻላል።» ያኛው መስኮት የሥራ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ምናልባት በሕይወቴ ካገኘሁት ሹም ሁሉ ትክክለኛውን መስኮት ያሳየኝ እሱ ብቻ ነው።

የካምፓላ ዝናብ የእኛን አይመስልም። በድንገት መጥቶ በጥፊ መትቶህ ይሄዳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው፣ ጭራሽ ያልዘነበ ይመስል በስብሰህ ያየህ ሰው ይገረምብሃል። ማቶኬ የሚሉት ምግብ አለ፣ ተቀቅሎ የተላቆጠ ጥሬ ሙዝ ነው። መልኩን አይቼ ጎደሬ ነው ብዬ ጎረስኩት፤ ጎደሬን አስናፈቀኝ እንጂ አላስረሳኝም። ማሩ ቀጭን ነው፤ የእኛ ጫካ ማር ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆመው ብነግራቸው አላመኑኝም። ሰላምታቸው ግን ያስቀናል። ሴቶቹ ተንበርክከው ነው የሚሰጡት፣ እንዴት ዋልሽ ብለው የቤተሰብሽን ደህንነት ሳይጨርሱ አይነሱም። «አባትሽ ደህና ናቸው?» ሲሉኝ «በሕይወት አሉ» እል ነበር፣ በኃይል። ይደነግጡ ነበር።

ናሰር ሮድ በሚባለው የማተሚያ ቤቶች ሰፈር ሥራ አገኘሁ። አሠሪዬ ሚስተር ካቶ ይባላል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ሰው ነው። የጎደለኝን ሁሉ ከእሱ ተማርኩ፤ ቀለም ማሽን ላይ እንዴት እንደሚከዳ፣ ስክሪን ላይ ሰማያዊ የሆነው ወረቀት ላይ ሐምራዊ እንደሚወጣ፣ አንድን ምልክት ከቢራ ጠርሙስ እስከ ጭነት መኪና ሳይለወጥ እንዴት እንደሚወስዱት። ለዘማሪዎችና ለዘፋኞች ሥራ እሠራ ጀመር፣ ክሊፑንም ሽፋኑንም አንድ ላይ፤ የኬንያ ሰዎችም መጡ። ሥራዬን የማሳይበት ገጽ ላይ ግን ስሜን አልጻፍኩም። ስሜን ማንም አያነበውም ተብዬ የለ!

አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። የገመቹን ነገር ሁሉ ከሩቅ እከታተል ነበር፤ ሁለተኛ ሥራው ወጥቶ ማንም ሳያስታውሰው ሲቀር ደስ አለኝ፣ ሦስተኛው ላይ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሳየው ሳቅኩ። ከዚያ አንድ ቀን ዳዊት የሚባል፣ ናይሮቢ ተቀምጦ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ያገራችን ሰው ጻፈልኝ። አንድ የታወቀ ድምፃዊ አዲስ አልበም ሊያወጣ ነው፣ ፍላሽ የሚገባበት የስጦታ ሣጥን፣ ፖስተር፣ ሸሚዝና ክሊፕ ይፈልጋል፣ ሁሉም አንድ መልክ እንዲኖረው፣ እንደ መጀመሪያው ሥራው። የመጀመሪያውን ታስታውሺው ይሆናል፣ ጃንጥላ ያለበት ነው አለኝ።

አስታውሰዋለሁ ብዬ መለስኩለት።

ማን መሆኔን አልነገርኩትም፣ ድምፄን አላሰማሁትም፣ በጽሑፍ ብቻ እመልስ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ሸሚዙን፣ ከጀርባው የሚሰቀለውን ጨርቅ፣ ሣጥኑን፣ ካሜራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፣ ሁሉንም የምወስነው እኔ ነኝ። ተስማሙ።

የአባቴን ማመልከቻ ከሻንጣዬ አወጣሁ። ፎቶ አነሣሁትና አሳደግኩት፣ አሳደግኩት፣ የሰማያዊው ብዕር ጭረት የዛፍ ቅርንጫፍ እስኪመስል። ከዚያ ወደ ታች ረጃጅም አድርጌ ሰነጠቅኩት። አንዱ ስንጣቂ ለፖስተሩ፣ አንዱ ለሣጥኑ ክዳን፣ አንዱ ለሸሚዙ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ሐረግ ነው፣ ጌጥ ነው፣ ማንም አያነበውም። ወረቀቶቹን ለማየት ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። አከራዬ ማማ ሮዝ ኪራይ ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ይኼ ጥንቆላ ነው?»

«አይደለም ማማ፣ ማመልከቻ ነው።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት።»

«ታዲያ የእኔ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?»

«መንግሥት መልስ አልሰጠበትም።»

የእሷም የመሬት ማመልከቻ እንደዚሁ መሆኑን ነገረችኝና፣ ምስማር እንዳልጠቀም ብቻ አስጠንቅቃኝ ወጣች።

ሣጥኑ ሲከፈት ውስጡ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ። ሲዘረጋ ስንጣቂዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ጎን ለጎን ይገጥማሉ፣ ማመልከቻው ከነፊርማው ይነበባል። ክሊፑንም እንደዚያው አደረግኩት፤ የቀረጹት ሌሎች ናቸው፣ እኔ በጽሑፍ እያዘዝኩ። ካሜራው ከሸሚዙ ኪስ ተጠግቶ ይጀምራል፣ ዘፈኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይርቃል፣ መጨረሻ ላይ ገመቹ ትንሽ ሰው ይሆንና ከኋላው ጨርቁ ሙሉ ይታያል፣ ከቅርብ ሐረግ የነበረው ከሩቅ ማመልከቻ ሆኖ። ሣጥን መክፈትና ካሜራ ማራቅ አንድ ነገር ሆኑ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው። ዳዊት በስልኩ ትንሽ መስኮት ላይ አይቶ፣ ያው ሐረጉ ነው፣ በጣም ያምራል ብሎ አጸደቀው። ገመቹም የድምፅ መልእክት ላከልኝ፦ «እህቴ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። እንደዚህ የገባኝ ሰው የለም። እጅሽ ይባረክ።» ደጋግሜ ሰማሁት። እጄ ሳይሆን የአባቴ እጅ ነው እያልኩ።

አልበሙ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ገመቹ በቀጥታ በሚተላለፍ ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ናሰር ሮድ ላይ ማሽኑ እየጮኸ፣ ስልኬን የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ አየሁ። ሸሚዙን ለብሷል። አቅራቢው ሣጥኑን ከፈተ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ግጥም መስሎት በሚያምር ድምፅ ማንበብ ጀመረ። «ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬ እንዲታወቅልኝ…» ሳቀ፣ ቀጠለ፣ የገመቹ ስም ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። እስከ ፊርማው አነበበው። ከዚያ ገመቹን አየው። ገመቹ ወረቀቱን አላየም፤ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ሸሚዝ እያየ ነበር።

አዎ፣ ጣፈጠኝ። ስደት ሰውን ያስተካክላል፣ ያስተምራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ሚስተር ካቶን ጋብዤ ዓሣ በላሁ፣ ለሳምንትም እያፏጨሁ ሠራሁ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። ገመቹን ሰው በመንገድ ላይ «አባትህ እንዴት ናቸው?» እያለ ያስቸግረው ጀመር፣ ኮንሰርቶቹ ቀሩ፣ ዳዊትም ራሱን ከሥራው አገለለ። ለእኔም ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ ረጅም ስድብ ጻፈልኝ፣ አስቀምጬዋለሁ።

እናንተ እንድታመሰግኑኝ አልጠበቅኩም፤ አባቴ ግን ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ደወልኩላቸው። ሰምተዋል፣ የመቱ ሰው በሙሉ በስልኩ አሳይቷቸዋል።

«ማመልከቻው ለጽሕፈት ቤት ነበር የተጻፈው» አሉኝ። «ለሸሚዝ አልነበረም።»

«አባባ፣ ይኸው አገር ሁሉ በሕይወት እንዳሉ አወቀ።»

«ማን ፈቀደልሽ? እሱ ጃንጥላዬን ወሰደ፣ አንቺ እጄን ወሰድሽ።»

ዘጉት። ለሁለት ወር ስደውል አነጋገራቸው አጭር ነበር፤ ደህና ነኝ፣ ዝናብ ነው፣ ደህና ሁኚ። በሦስተኛው ወር ግን ድምፃቸው ተለውጦ ደስ ብሏቸው አገኘኋቸው። ገመቹ መቱ ተመልሷል። አዲስ አበባ መኖር አቅቶት ይሁን አላውቅም፣ እንደ ድሮው ኡካና ዳሪሙ ሰርግ ይዘፍናል። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ለማመልከቻው መልስ ልሰጥ መጣሁ» አላቸው። ጃንጥላውን ሆቴል ረስቶት ጠፍቶበታል፤ ባዶ እጁን ነው የመጣው። መልሱን መጻፍ አቃተው። ታዲያ ማን ቢጽፍለት ጥሩ ነው? አባቴ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እንደምንም ብለው፣ ለራሳቸው ማመልከቻ የሚቀርበውን መከላከያ ራሳቸው ጻፉለት።

«ምን ብለው ጻፉለት?» አልኳቸው።

«የባለጉዳይ ምስጢር አይነገርም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይመላለሳል። እሑድ እሑድ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ እሱ ጴንጤ ነውና ቅዳሴው እስኪወጣ ደጅ ይጠብቃቸዋል። የዓይናቸውን ጠብታ ያደርግላቸዋል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ያነብላቸዋል። ይኼን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ቦታ ነሥቼ መቱ የመለስኩት፣ በራችን ድረስ ያደረስኩት እኔው። እኔ ግን የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀምና ከወጣሁ አልተመለስኩም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ገመቹ እዚያው ነበር፤ አላናግረውም ብያለሁ፣ ዛሬም አላናግረውም፣ ይቅርታም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ቢጠይቀኝም አልሰጠውም። አባቴ ስለ ማር መወደድ ሲያጫውቱኝ ቆዩና «ጥፍሬን ሊቆርጥልኝ ነው፣ ቆዪ» አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። መዝጋቱን ረስተዋል።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ የጥፍር መቁረጫው፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ገመቹ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አላቸው፣ አልለየሁትም። አባቴ ሳቁ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ዓይነት ሳቅ። «ሌላኛውን እጅዎን» አላቸው። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሰው ማመላለሻ ሞተሮች እየጮሁ በአጠገቤ ሲያልፉ አንዱን ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማሁ።